የዱራሜው ማሽንና የአማቴ ዓይን

የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ልኮራበት ፈልጌ አይደለም። ታሪኩን ስትጨርሱ «እንዴት እቤታቸው አንድ የተማረ ሰው ጠፋ?» ብላችሁ እንዳትደክሙ ብዬ ነው። የተማረ ሰው ነበረ፤ እኔው ነበርኩ። ሒሳቡን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ሒሳቡም ልክ ነበር።

ተወልጄ ያደግኩት ሆሳዕና ነው። አባቴ በመምህርነት ተመድቦ ከሰሜን መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። ባሌ ማርቆስ ደግሞ ሀዲያ ነው፣ ከሆሳዕና ብዙ የማትርቀው የጊምቢቹ ልጅ። የእሱ ቤተሰቦች ጸሎት ቤት የሚሄዱ፣ የእኔዎቹ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ ስለሆኑ ስንጋባ ከሁለቱም ወገን ያላኮረፈ አልነበረም። ቀድመው የታረቁን የእሱ እናት ናቸው። እማማ አየለች ይባላሉ። ሁለቱ ወገኖች ተፋጠው በተቀመጡበት ቀን በዚያች በተቆራረጠች አማርኛቸው «ልጄን ወደደች፤ ልጄ ናት። በቃ» አሉና ጉዳዩ በዚያው ተዘጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እወዳቸዋለሁ።

ማርቆስ ከተጋባን ብዙም ሳይቆይ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ለምን እንደሄደ ለሆሳዕና ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ያልሄደ ነው ለምን እንዳልሄደ የሚጠየቀው። እዚያ ሎኬሽን በሚሉት የድሆች ሰፈር ሱቅ ከፍቶ ደህና ይሠራ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ሰፈሩ ተበጠበጠ፣ ሱቁ ተዘረፈ፣ የተረፈውም ተቃጠለ። እሱ ነፍሱን ይዞ አመለጠ። ከረጅም መንገላታት በኋላ አንድ ጠዋት በሬን ስከፍት አንዲት ትንሽ ቦርሳ አንጠልጥሎ ቆሟል። እልል ልል አፌን ስከፍት በመዳፉ ከደነው።

«ለእማዬ እንዳትነግሪ» አለኝ። ከስንት ዓመት በኋላ ባሌ የተናገረኝ የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው።

ከደቡብ አፍሪካ የሚመለስ ሰው በእኛ አገር እንዴት እንደሚገባ የታወቀ ነው። መኪና ይከራያል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ በሬ ይጣላል፣ እናት አዲስ ጋቢ ትለብሳለች። ባዶ እጁን የገባ ሰው ምን እንደሚባል ደግሞ ማርቆስ ሳይሄድ በፊት ሰምቷል፤ ራሱም ሲል ኖሯል። ስለዚህ «የሆነ ነገር እስክይዝ» አለ። ሱቁ ከመዘረፉ በፊት የላካት ጥቂት ገንዘብ እኔ ዘንድ ነበረች። እሷን እንደ ዘር ቆጥሮ ሊያበዛት እያሰበ እቤት ተቀመጠ።

እናቱን በደቡብ አፍሪካው ቁጥር፣ በዋትሳፕ፣ በእህቱ በአበበች ስልክ ያነጋግራቸው ነበር። ጠዋት ተነስቶ ቢሄድ ምሳ የሚደርስበት ቤት ላይ እየደወለ «እዚህ ብርዱ አይጣል ነው» ይላቸዋል። እኔ ከአጠገቡ የተማሪ ፈተና እያረምኩ እሰማለሁ። አንዳንዴ ሳቄ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ግን ያስጠላኛል።

የሚያስጠላኝም በዓይናቸው ምክንያት ነው። እማማ አየለች የዓይን ግፊት አለባቸው። አንደኛው ዓይናቸው ቀደም ብሎ ጠፍቷል። የቀረውም ከዳር ከዳር እየጠበበ ነበር። ሐኪሙ የጠፋው እንደማይመለስ ነግሯቸዋል፤ የሰጣቸው የዓይን ጠብታም የቀረውን ትንሽ ለማቆየት ነው። ታዲያ በየስልኩ የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ «ሳይጨልምብኝ ና። ፊትህን ልይ።» እሱም «ለያሆዴ እመጣለሁ» ይላቸዋል። ያሆዴ የሀዲያ መስቀል ነው፤ የትም ያለ ልጅ ወደ ቤቱ የሚገባበት። ያኔ ገና ሰኔ ነበር።

ሆሳዕና ሰው ተደብቆ የሚኖርባት ከተማ አይደለችም። ቢሆንም ማርቆስ ሲወጣ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ፣ አፉን በማስክ ሸፍኖ፣ ከልባሽ ተራ የገዛሁለትን ቡኒ ጃኬት ለብሶ፣ በግድግዳ ጥግ ጥግ ይሄዳል። ከጊምቢቹ የሚመጣ ሰው ስንት ነው? አንድም ሰው ለእናቱ አለመናገሩ ይገርመኝ ነበር። ዕድለኞች ነን ብዬ አስብ ነበር፤ እንግዲህ ፕሮባብሊቲ የማስተምር ሰው ነኝ።

ነሐሴ ውስጥ ደሳለኝ ደወለ። ደሳለኝ ከማርቆስ ጋር ደቡብ አፍሪካ የነበረ፣ አሁን ዱራሜ ባጃጅ የሚነዳ ጓደኛው ነው። ዱራሜ ላይ ከአንድ ፑል ቤት ጀርባ የቁማር ማሽን ገብቷል አለው። ብር ከፍለህ ነጥብ ይሞላልሃል፣ ትጫናለህ፣ ስዕሎቹ ይሽከረከራሉ፣ ከተገጣጠሙልህ ይከፍላል። ማርቆስ ማሽኑን በደንብ ያውቀዋል። እዚያ በሱቁ ጥግ እንዲህ ያለ ነበረው፤ ባለቤቱ ሌላ ሰው ሆኖ እሱ የቦታ ኪራይ ይቀበል ነበር።

ያን ዕለት ከገበያ ስመለስ ጠረጴዛው ተጠርጎ፣ ሻይ ተፈልቶ ጠበቀኝ።

«ሰላም፣ አንቺ የሒሳብ ሰው አይደለሽ? ጥናት እንድትሠሪልኝ ፈልጌ ነው።»

«የምን ጥናት?»

«ማሽኑ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም? ዝም ብዬ ሄጄ የምጫወት ሞኝ አይደለሁም። አጥንተን ነው የምንሄደው።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ደስ አለኝ። ባሌ ከተመለሰ ጀምሮ ጨው አቀብዪኝ ከማለት ሌላ ምንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። አሁን ግን ዓይኔን እያየ ያወራኛል። ስለ ማሽን ይሁን ስለ ጨረቃ ግድ አልሰጠኝም። ደሳለኝ በትርፍ ሰዓቱ ማሽኑ አጠገብ እየቆመ በስልኩ ይቀርጽና ይልክልናል። እኔና ማርቆስ ከሰዓት በኋላ ጎን ለጎን ተቀምጠን እያንዳንዱን ጨዋታ ስንት ገባ ስንት ወጣ እያልን እንይዛለን። ከጋብቻችን ወዲህ አብረን የሠራነው ሥራ ቢኖር ይህ ነው።

መስከረም እንደገባ ውጤቱን ነገርኩት።

«አያዋጣም። የሚገባው ከሚወጣው ይበልጣል። ቶሎ ቶሎ ትንሽ ትንሽ ስለሚሰጥ ነው ሰው የማይነቃው። በቆየህ ቁጥር የምትከስር ነህ።»

ይናደዳል ብዬ ነበር። ፊቱ ግን በራ።

«ይኸው! ከገባው ብዙው አልወጣም ማለት ነው?»

«አልወጣም።»

«ታዲያ የት ሄደ? ሆዱ ውስጥ ነው ያለው። ሞልቷል! እንደ ዕቁብ አስቢው። ሰው ሁሉ ይጥላል ይጥላል፣ ከዚያ ለአንዱ ይወጣለታል። የተጣለ ዕቁብ ሳይወጣ ይቀራል?»

«ማርቆስ፣ ዕቁብ ዳኛ አለው፣ ተራ አለው፣ አባላቱ ይተዋወቃሉ። ማሽኑ ማን ስንት እንደጣለ አያውቅም። የበፊቱን ጨዋታ እንኳ አያስታውስም።»

«እኔ በዓይኔ ያየሁትን ትነግሪኛለሽ? ሱቄ ውስጥ ባለቤቱ በቁልፍ ሲከፍተው ሳጥኑ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር።»

«ሞልቶ ለማን ወጣ? ለተጫዋች?»

ሻዩን አማሰለ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔ ብዙ ጥያለሁ፣ ሰላም» አለኝ። «በረሃ ላይ ጥያለሁ። እስር ቤት ጥያለሁ። ሱቄን ጥያለሁ። የእኔ ተራ አልደረሰም?»

ያኔ ገባኝ፤ ኪሳራውን አብራርቼ ባሳየሁት ቁጥር ለእሱ የማሽኑ ሆድ እየሞላ ነበር። ክርክሩን ተውኩት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት፤ አብሬህ እሄዳለሁ፣ ብታገኝም ብታጣም ከዱራሜ በቀጥታ ጊምቢቹ እንሄዳለን፣ እናትህ ጋር።

«ሳገኝ እንሄዳለን» አለ።

«ብታጣም።»

«እሺ» አለ። እጁን ሰጠኝ፤ ጨበጥኩት።

ቅዳሜ ነበር፣ መስቀል ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው። ሚኒባሱ ለበዓል የሚገቡ ሰዎች በያዟቸው ዕቃዎች ተጨናንቋል። ቅቤው ይሸታል፣ ከሥር ዶሮ ይንጫጫል። ዝናቡ ገና አልለቀቀም፤ አንጋጫን ስናልፍ እንሰቱ በውሃ ከብዶ አጎንብሷል። ማርቆስ ግን ማስኩን አውልቆ ከሾፌሩ ረዳት ጋር ይቀልዳል። ለእናቱ ስለሚገዛው ጋቢ ጥለት አወራኝ። የበሬ ዋጋ ጠየቀ። እንደማንኛውም ለበዓል የሚገባ ሰው ሆኖ ሳየው ለአፍታ እኔም፣ ሒሳቡን የሠራሁት ራሴ፣ «ምናልባት» አልኩ። ይህቺን ቃል ከዚያን ቀን ጀምሮ እፈራታለሁ።

ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ቆርቆሮ ጣሪያ። ከፑል ቤቱ የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነው። አንዲት ሴት ብር እየተቀበለች ነጥብ ትሞላለች። ማሽኑ ላይ ቦቲ ጫማ ያደረገ፣ ጭቃው ያልደረቀለት ገበሬ ተቀምጧል። ማርቆስ ከኋላው ቆመ።

«አትቀመጥም?» አለችው ሴትዮዋ።

«ይመግበው» አለኝ በሹክሹክታ። «እሱ ሲነሳ ነው የእኛ።»

ገበሬው ገበያ ላይ ምን ሸጦ እንደመጣ አላውቅም። ብቻ ሲነሳ እጆቹን አየት አደረገና ኪሱ ውስጥ ከትቷቸው ወጣ። ማርቆስ ወንበሩ ሳይቀዘቅዝ ተቀመጠ።

መጀመሪያ ትንሽ በላው። ቀጥሎ ትንሽ ሰጠው። እንዲህ እያለ ቆየና ድንገት ስዕሎቹ ተገጣጠሙ። ማሽኑ የሕፃን መጫወቻ ዓይነት ዜማ ማዜም ጀመረ። ፑል ቤት የነበሩት መጋረጃውን ገልጠው ገቡና አጨበጨቡለት። ብዙ አልነበረም። ግን ለጋቢ፣ ለስኳርና ለቡና፣ ለመንገዳችንም ይበቃል።

ትከሻውን ያዝኩት። «በቃ፣ ተነስ። አገኘህ። እንሂድ።»

«ይሄ እኮ ምልክት ነው። ሊፈስ ነው።»

«ማርቆስ፣ ጋቢውን ይገዛል!»

«ጋቢ ብቻ ይዤ ልገባ?»

ያኔ ስልኩ ጠራ። አበበች ናት፣ ማለት እናቱ ናቸው። መጋረጃውን ገልጦ ወደ ጓሮ ወጣ፣ እኔም ተከተልኩት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ከውስጥ የማሽኑ ዜማ ይሰማል። በሀዲይኛ ነው የሚያወሩት፤ እየሰማሁ ያደግኩት ቋንቋ ስለሆነ አያመልጠኝም።

«ምንድነው የሚጮኸው?» አሉት።

«ሥራ ላይ ነኝ፣ እማዬ።»

«እዚያም ዝናብ ነው?»

«አዎ፣ ዝናብ ነው።»

«ጃኬትህን ልበስ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዛሬ ጠዋት ተነሳሁ፣ በሩን አጣሁት። አበበች ናት እጄን ይዛ ያወጣችኝ። ፀሐይ ወጥቷል ትለኛለች፤ እኔ ግን ጭስ ውስጥ ነኝ። የምትመጣ ከሆነ አሁን ና።»

«በቅርቡ እመጣለሁ» አላቸውና ዘጋ።

አሁን እንሄዳለን ብዬ ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አደረግኩ። እሱ ግን በአጠገቤ አልፎ ተመልሶ ገባና ያለችውን ብር በሙሉ ለሴትዮዋ ሰጣት።

ለመንኩት። ጮህኩበት። ሰው እያየን አለቀስኩ። አንድም ጊዜ አልዞረም። ሳያቋርጥ ይጫናል፤ ቶሎ ከጨረሰ ቶሎ የሚደርስ ይመስል ነበር። እየከሰረ እንኳን «እየሞላ ነው፣ እየሞላ ነው» ይላል። ያገኘው ሄደ፣ ከዚያ ይዞት የመጣው ሄደ። ስዕሎቹ ቆሙና ሴትዮዋ «ልሙላልህ?» አለችው። ኪሱን ሳይዳስስ ራሱን ነቀነቀ።

ልንወጣ ስንል አንድ ጃንጥላ የያዘ ሰው ገባ። ጨዋ ሰው ነው፤ በትሕትና ሰላም አለን። ከቀበቶው ቁልፍ አውጥቶ የማሽኑን ሆድ ከፈተ። ሴትዮዋ እየሰበሰበች እዚያ የከተተችውን ብር በሁለት እጁ እያፈሰ በጥቁር ፌስታል ሞላ፣ ዘጋው፣ «መልካም በዓል» ብሎን ወጣ። ማሽኑ ባዶ ሆዱን ሆኖ ያንኑ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል። ሞልቶም ባዶም ሆኖ ያው ነው።

ማርቆስ መብራቱን ረጅም ጊዜ አየው። «ለሱ ወጣለት» አለ።

ሆሳዕና መናኸሪያ ስንደርስ ቤት ሊገባ ነው ብዬ ቃሉን ላስታውሰው አፌን ስከፍት ወደ ጊምቢቹ ከሚጭነው መኪና ፊት ቆሞ አየሁት። የትራንስፖርቱን እኔ ከፈልኩ። የሚይዘው ነገር አልነበረውም፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

የደረስነው ሊመሽ ሲል ነው። እማማ አየለች ደጃፍ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። አበበች አይታን ጮኸች፤ ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ከየት መጣህ፣ መቼ ገባህ፣ ለምን አልነገርከንም ትላለች። እናቱ ከመቀመጫቸው አልተነሱም። ፊታቸውን ወደኛ መልሰዋል፤ ዓይናቸው ግን ከእኛ አልፎ አጥሩን ያያል።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

እጃቸውን ዘረጉ። ተንበረከከላቸው። ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ ጺሙን ዳሰሱ። ጣቶቻቸው ወርደው አንገቱ ላይ የጃኬቱን ኮሌታ ያዙ፣ ዚፑን ይዘው ወረዱ፣ እጅጌውን ጨመቁት።

«ቡኒዋ ናት?» አሉት።

ያቺን ጃኬት የገዛሁት እኔ ነኝ፣ ሆሳዕና፣ ከተመለሰ በኋላ። ደቡብ አፍሪካን አይታው አታውቅም። ማርቆስ ግንባሩን የእናቱ ጉልበት ላይ ደፋ።

እማማ አየለች እኔም መኖሬን አውቀው ወደ እኔ ዞሩና እንደ ወትሮው በአማርኛ አሉኝ፦ «ለዓይኔ ብዬ ሆሳዕና ሄድኩ። ክረምት ሲገባ። መናኸሪያ አየሁት። ቡኒ ጃኬት። አፉን ሸፍኗል። እኔ ልጄን በእግሩ አላውቅም? አየኝ። አየኝና ዞረ።»

«ለምን አልጠሩትም፣ እማማ?»

«ከዞረ፣ ምክንያት አለው። እኔ ደግሞ እንዳላየ ሆንኩ፤ መኪና ገባሁ። ሰው ሁሉ መጣ፣ ልጅሽ ሆሳዕና ነው አለኝ። ዝም በሉ አልኩ። ሲችል ይመጣል አልኩ።»

ማርቆስ ከጉልበታቸው ላይ ሳይነሳ «ዓይኗ አያይም ብዬ ነው» አለ። «አላየችኝም ብዬ ነው፣ ሰላም።» ይህን ለእኔም ደብቆኝ ነበር።

እሳቸው ጭንቅላቱን እየዳበሱ «ያኔ ትንሽ ያይ ነበር» አሉ። «አሁን ነው የማያየው።»

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍል ገብቼ ፕሮባብሊቲ ሳስተምር ድምፄ ይሰበራል። ተማሪዎቼ ጉንፋን ይመስላቸዋል። ማሽኑ ሰው ያከስራል ብዬ ልመክራችሁ አልጻፍኩም፤ ያንንማ ታውቁታላችሁ፣ እኛም እያወቅን ነው የሄድነው። የከበደኝ ሌላ ነው። እኔና ባሌ መከራ የሚጠራቀም ነገር መስሎን ነበር። ብዙ ከጣልን ተራችን የሚመጣ፣ ተራችን እስኪደርስም ሁሉም ነገር ባለበት ቆሞ የሚጠብቀን መስሎን ነበር። የአማቴ ዓይን ግን አልጠበቀንም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያለቀ የነበረው እሱ ነው፤ እሱን ግን ቁጭ ብለን አልቆጠርነውም። አንድ ሰው አሁን የሆነ ከተማ ውስጥ ተቀምጦ «የሆነ ነገር እስክይዝ» እያለ ከሆነ፣ እባክህ ዛሬ ተነስ። እንዳለህ ግባ።

ማርቆስ ያን ቀን ከጊምቢቹ አልተመለሰም፤ ዛሬም እዚያው ነው። የእናቱን እንሰት ይሠራል፣ እሑድ እጃቸውን ይዞ ጸሎት ቤት ይወስዳቸዋል። እኔ በየሳምንቱ መጨረሻ እሄዳለሁ። ከኔ ጋር ያወራል፣ ይስቃልም። ለማንም ባዶ እጁን እንደመጣ ይናገራል፤ አንድ ሰሞን አወሩበትና ተዉት።

ጃኬቷ ክርኗ ላይ አልቃለች፣ ዚፗም አይዘጋም። ባለፈው አዲስ ገዝቼለት ሄድኩ። አመሰገነኝና አጣጥፎ ሳጥን ውስጥ አስቀመጣት። አሮጌዋን ልጥላት ሳነሳት ግን ከእጄ ነጠቀኝ። እናቱ ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት እሷን ለብሶ ነው።